በግራ በኩል

ኢቲቻ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ መስሎት አየር ላይ ለቀቀው። ብርጭቆው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ፤ ሻዩ የሚስቱን የሰርክአዲስን ቀሚስ ጫፍና የልጁን የበአምላክን የተወለወለ ጫማ ረጨ። ጠረጴዛው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ በግራ በኩል ከኢቲቻ ክንድ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። እሱ ግን ወለሉን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ፣ «ይሄ ጠረጴዛ እግሩ ተንሻፏል፤ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል» አለ። የጠረጴዛው እግር ደህና ነበር። ደህና ነው ብሎ የመለሰለት ግን የለም። ሰርክአዲስ መጥረጊያ ልታመጣ ተነሣች፤ በአምላክ ጫማውን በሶፍት ጠረገ፤ ኢቲቻ ካፖርቱን ደረበና መኪናውን ሊያሞቅ ወጣ።

የሚኖሩበት ቤት ወሰን ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ መሀሉ በቺፕውድ የተከፈለ። በአንደኛው ክፍል ያስነጠሰውን ሰው በሌላኛው ክፍል ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ስለዚህ የቤቱ ሰዎች የሚደብቁት ነገር ሲኖራቸው ወደ ጓሮ፣ ቧንቧው ዘንድ ይወጣሉ። ሰርክአዲስ ስባሪውን ጥላ እጇን ስትታጠብ በአምላክ ተከትሏት መጣ። መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ሁልጊዜ የተጣደፈ። የኪራይ ቀን ሲደርስ ግን የሚታየው የእሱ ደመወዝ ሳይሆን አባቱ የማገዶ እንጨት የሚያመላልስበት ፒክአፕ ነው።

«እማዬ፣ ምንም እንዳትይው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ብዬ?»

«አየሁሽ እኮ፤ ልትናገሪ ነበር። ዓይኑ እንደደከመ ሰው ከነገረው መንዳቱን ይተዋል። አባዬን ታውቂው የለ? ክረምቱ ሳይገባ ሽማግሌ ልልክ ነው፤ አሁን መኪናዋ ከቆመች ምን ይዤ ነው የሰው ደጅ የምቆመው? እስከዚያ ብቻ።»

«አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ። የዛሬውን እንኳን ንዳለት። የሰርግ እንጨት ነው፤ ከባድ ነው።»

«ሥራስ?» አለና ሸሚዙን ቁልቁል አየ። እንጨት ጭኖ በመገናኛ ሲያልፍ የሥራ ባልደረቦቹ ቢያዩት ምን እንደሚሰማው ሁለቱም ያውቃሉ። «ደግሞ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳዋል።»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ደነገጠ። ቧንቧውን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፤ ታክሲ ያመልጠኛል ብሎ ወጣ።

ሰርክአዲስ መጠርጠር የጀመረችው ከፋሲካ ማግስት ነው። ኢቲቻ የበሩን ግራ መቃን በትከሻው እየገጨ ይገባ ጀመር። ከትሪው በግራ በኩል ያለውን ወጥ ሳይነካ «ወጡ አለቀ» ይላል፤ እሷ ትሪውን እንደዋዛ ታዞርለታለች፤ እሱም ምንም ሳይል ይበላል። ጎረቤት በግራ በኩል ቆሞ «እንደምን አደርክ» ሲለው ዝም ብሎ ያልፍና ሰው ይቀየመዋል። የመኪናዋ የግራ ስፖኪዮ ተሰብሮ በፕላስተር ከታሰረ ሰንብቷል፤ «አህያ ነው የገጨኝ» ብሏል። እሷ የአህያውን ነገር አላመነችም፤ ግን አልጠየቀችም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ባልቀረው ትዳራቸው የተማሩት ነገር ቢኖር የማይጠየቀውን ለይቶ ማወቅ ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት ምን ተሰማህ ብላ አልጠየቀችውም፤ ካሳውን ይዞ ሄዶ ይህችን ፒክአፕ ገዝቶ ሲመጣ ለምን ብላ አልጠየቀችውም። በዚያች ቀን ጠዋት ግን ነጠላዋን ሹራቧ ላይ ደርባ ወጣችና የመኪናውን በር ከፍታ ጋቢና ገባች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ኃይሉ ቤት። ሚስቱ ከወለደች ስንት ጊዜዋ፤ ሳልጠይቃት ቀረሁ እኮ።»

ኃይሉ ከእንጦጦ ጀርባ ባህር ዛፉን እያስፈለጠ የሚሸጥ ሰው ነው። ኢቲቻ መሪውን እንደያዘ ዞሮ አያት። ወደ ተራራው ስትሄድ አይቷት አያውቅም። ልጅ ሳለች ከዚያ ተራራ ቅጠል ተሸክማ ስለወረደች፣ የገመዱም ጠባሳ ትከሻዋ ላይ ስላለ፣ እንጦጦ ሲባል ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። ሆኖም አልተከራከራትም። ማርሽ አስገባና ወደ ዋናው መንገድ ወጣ።

ከወሰን እስከ መገናኛ መንገዱ እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። ሰርክአዲስ ከመቀመጫዋ ወደ ፊት ተጠግታ በባሏ አፍንጫ ፊት ወደ ግራ ታያለች። መናገር አልተለማመደችም፤ ጋቢና ውስጥ ዝም ብሎ መሄድ የሁለቱም ልማድ ነው። ዛሬ ግን አፏ አላርፍ አለ። «አየኸው ይሄን ሚኒባስ፣ እንዴት እንደሚጋፋ፤ በግራህ ነው» አለች። «ውይ ያቺ ሴትዮ ልጅ አዝላ መሀል መንገድ ላይ ቆማ! ከአካፋዩ ግንብ ጋር» አለች። ሲግናል ሰፈር ላይ ቲማቲም የሚሸጥ ጋሪ አይታ ዋጋውን ጮክ ብላ አነበበች፤ ባለፈው ሳምንት ከነበረው መጨመሩን ተናገረች፤ ጋሪው ወደ እነሱ እየቀረበ መሆኑንም ጨመረች። ኢቲቻ በየመሀሉ መሪውን በትንሹ ወደ ቀኝ ይሰብራል፤ አመሰግናለሁ አይልም፤ ምን ነካሽም አይልም። ፈረንሳይ ሰፈርን አልፈው የጉራራን ዳገት ሲጀምሩ መኪና ቀነሰ፤ እሷም ጀርባዋን መቀመጫው ላይ አሳረፈች። ጨብጣው የነበረውን የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች።

ኃይሉ ግቢ ሲደርሱ ፍልጡ ተከምሮ ይጠብቃል። ሁለት ጫኞች እየተቀባበሉ ይደረድራሉ። ሰርክአዲስ አራሷን ጠየቀች፣ ሕፃኑን አቅፋ መረቀች፣ የተሰጣትን አጥሚት እንደቆመች ጨልጣ ቶሎ ወጣች። ክምሩ ከስፖንዳው አልፎ የጋቢናውን ጣራ ሊያህል ነው። ረጃጅም ግንዶች በጎንና በጎን ወጣ ወጣ ብለዋል፤ የኋላ ጎማዎቹ ተጨፍልቀዋል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ቀጥ ብሏል።

«ኃይሉ፣ አልበዛም?» አለችው።

«አይዞሽ እትዬ፣ ይህቺ መኪና ከዚህም በላይ ተሸክማለች። ደግሞ ለሁለት ምልልስ ነዳጁ የት አለ? የዘንድሮ ነዳጅ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«ይጫን» አለ ኢቲቻ ከገመዱ ሥር። «የወይዘሮ ሱልጣና ልጅ ሰርግ ነው። ከምሳ በፊት ብያቸዋለሁ።»

ወይዘሮ ሱልጣና መሪ የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ ቡቲክ አላቸው። ገና እየጫኑ ሳለ ሁለት ጊዜ ደውለዋል፤ ወጥ ሠሪዎቹ ገብተዋል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ያለው እንጨት ለሽንኩርቱም አይበቃም። ኢቲቻ «እየወጣን ነው እሜቴ» እያለ ገመዱን በጉልበቱ ተደግፎ አጠበቀው። ሲዞር በግራው የቆመውን ጫኝ ደረቱን በክርኑ መታው። ጫኙ ሳቀ፤ ኢቲቻም ሳቀ። ሰርክአዲስ አልሳቀችም። ወደ ጋቢና ስትገባ ካፊያ ጀመረ፤ የግንቦት ካፊያ ነው፣ መሬቱን አያርሰውም፣ አስፋልቱን ያንሸራትታል እንጂ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ መኪናዋ ከጭነቱ ጋር አንድ ሆና የምትወርድ ሳይሆን ጭነቱ ከኋላ እየገፋት የምትሸሽ ትመስል ነበር። ኢቲቻ በሁለተኛ ማርሽ ያዛት፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ ያደርጋል። የባህር ዛፉ ግንዶች በሁለቱም በኩል ቆመዋል፤ በመሀላቸው ጭጋግ ይሾልካል። ሰርክአዲስ እንደገና ወደ ፊት ተጠጋች። «ፈረስ ነው፣ በግራህ። ባለፈረሱም አለ።» ትንሽ ቆይታ፣ «እነዚህ የሚሮጡት ልጆች ደግሞ፣ ስፖርተኞች፣ በግራ ጠርዝ ናቸው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ወደ ቀኝህ ትንሽ ሳብ በል፣ ጉድጓድ አለ፣ ከዚያ ወዲህ፣ በግራ...»

«ሰርኬ!» አለ በድንገት። ድምፁ ጋቢናውን ሞላው። «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው? ከወጣን ጀምሮ እንደ ሬዲዮ! ጭነት ይዤ ነው፤ ቁልቁለት ነው፤ ልስማ ሞተሩን። ዝም በይ በቃ!»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ የጮኸባት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ፊቷን ወደ ቀኙ መስኮት አዞረች። ለማን ብዬ ነው፤ ለማን ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምለፈልፈው አለች በሆዷ። እንደገና ወደ ፊት ስትመለከት ጥምዙ ላይ ደርሰዋል። አንድ አይሱዙ ተበላሽቶ በቀኝ በኩል ቆሟል፤ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ተደርጎለታል። ኢቲቻ አየው። ክላክስ ነፋና አይሱዙውን ለማለፍ ወደ ግራ ወጣ።

በግራ በኩል እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ነበሩ። ከተራራው በአቋራጭ ወርደው መንገዱ ላይ የደረሱ ናቸው፤ ሸክማቸውን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አስደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። አንዷ ግን ሸክሟን ይዛ ልትነሣ ወደ ፊት አጎንብሳለች፤ ጭራሮው ከወገቧ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ወጥቷል። ሰርክአዲስ አየቻት። የአረንጓዴ ሻሿን ቀለም፣ ግንባሯ ላይ የወጣውን ደም ሥር ሳይቀር አየች። አፏን ከፈተች። «ዝም በይ» ያላት ድምፅ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ይህን ያህል ቅርብ ነገር ራሱ ያየዋል የሚል ሐሳብ በልቧ አለፈ፤ ኩርፊያም ነበረበት። ትንፋሽ የምታክል ጊዜ ናት። «ኢቲቻ!» ብላ ስትጮኽ ከጭነቱ ጎን የወጣው ግንድ የሴትዮዋን ሸክም ያዘው። ሴትዮዋ እንደ እንዝርት ዞረችና ወደቀች።

ኢቲቻ ፍሬኑን ረገጠ። ጭነቱ ወደ ፊት ገፋ፤ የጋቢናው የኋላ መስታወት ተሰነጠቀ፤ መኪናዋ ተንሸራታ ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተደግፋ ቆመች። ከኋላ ፍልጥ እየተንከባለለ አስፋልቱ ላይ ሲወርድ ይሰማል። ሰርክአዲስ ወርዳ ሮጠች። ሴትዮዋ ገመዷ ከትከሻዋ ሳይፈታ በጎኗ ወድቃለች፤ ቀኝ እጇ ከክርኑ በታች የማይታጠፍበት ቦታ ላይ ታጥፏል። አልጮኸችም። ጥርሷን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ጓደኞቿ ግን ተራራውን በጩኸት ሞሉት። ሰርክአዲስ ገመዱን ፈታችላት፤ ጣቶቿ ያንን ቋጠሮ አልረሱትም።

ኢቲቻ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ያ ዋቃዮ!» አለ አምላኩን በኦሮምኛ ጠርቶ፤ ከዚያ በአማርኛ መጮኽ ጀመረ፦ «ከየት ነው የመጣችው? ከየት ነው የገባችብኝ? መንገዱ ባዶ ነበር እኮ!»

«ምን ባዶ ነበር! ዓይንህ የት ሄዶ ነው?» አለችው አስያ የምትባል ወጣት ተሸካሚ፤ ፍልጥ አንሥታ ይዛለች። «ቆመን! ግድግዳ ተደግፈን!»

«አልነበራችሁም! መኪናውን ሳልፍ ማንም አልነበረም! ሰርኬ፣ ንገሪያቸው፤ አልነበሩም።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከመሬት ላይ ያለችውም ዞረች። ሰርክአዲስ የሴትዮዋን ራስ ጭኗ ላይ እንዳሳረፈች ባሏን አየችው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ያንን ቃል ብትሰጠው የሴቶቹ ቃል በእነሱ ቃል ላይ ይሆናል፤ ተሸካሚዎቹ ደግሞ የሚወርዱት ከደን ጠባቂ ተደብቀው ስለሆነ ፖሊስ ፊት መቆም አይወዱም። ይህንን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ነበሩ» አለች። «አላየሃቸውም እንጂ ነበሩ። በግራህ ነበሩ። እኔ አይቻቸዋለሁ።»

ኢቲቻ ክንዶቹን እንደዘረጋ ቀረ። ከጭኗ ላይ ግን ሴትዮዋ በቀጭን ድምፅ ተናገረች፤ ስሟ ሐመልማል እንደሆነ ሰርክአዲስ ያወቀችው በኋላ ነው። «አይተሽኝ ነው?» አለቻት። «አይተሽኝ ነው ዝም ያልሽው?»

ሰርክአዲስ በነጠላዋ ጫፍ የሴትዮዋን ግንባር ጠረገች።

ባዶውን ወደ ታች የሚወርድ ሚኒባስ ተገኘና ሐመልማልን ከጓደኞቿ አንዷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። አስያ ሸክሙን ልትጠብቅ፣ ደግሞም መኪናው እንዳያመልጥ ልታይ ቀረች። ሹፌሩ ለትራፊክ ፖሊስ እናገራለሁ ብሎ ሄደ። ሰርክአዲስ ለልጇ ደወለች፤ «ቶሎ ና» ብቻ አለችው። ከዚያ ወይዘሮ ሱልጣና ደወሉ። ሰርክአዲስ ስልኩን ከባሏ እጅ ወስዳ የሆነውን ነገረቻቸው። ሱልጣና መጀመሪያ «ሰው ተጎዳ?» አሉ፤ ከዚያ ሌላ መኪና እንልካለን፣ አይዞሽ ብለው ዘጉ። ኢቲቻ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እሷ በቀኙ ሄዳ ተቀመጠች። ካፊያው ቆሟል፤ የባህር ዛፉ ጠብታ ብቻ ይወርዳል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አላት መሬቱን እያየ።

«ከፋሲካ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከገና» አለ።

ዞራ አየችው።

«ሁለት ቀን ራሴን ያመመኝ ጊዜ። ትዝ ይልሻል። ከዚያ ወዲህ ነው። ብቻዬን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከጭንቅላት ደም ሥር ነው አለኝ ሐኪሙ። ዓይኖችህ ደህና ናቸው፤ ግን በግራ በኩል ያለውን ከእንግዲህ አያመጡልህም አለኝ። ጥቁር ነገር ይታየኛል ብለሽ እንዳታስቢ፤ ምንም አይታየኝም። ነገሩ እንደሌለ ነው። ያቺ ሴትዮ አልነበረችም ስል ውሸቴን አልነበረም።» ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ። «አትንዳ ብሎኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አንቺ ካወቅሽ አታስነጂኝም። ቆይ፣ ይሄ ይለፍ አልኩ።»

ሰርክአዲስ መሳቅ ይሁን ማልቀስ የቃጣት አልገባትም። በአንድ ትሪ እየበሉ፣ እሷ ከእሱ ስትደብቅ እሱ ከእሷ ሲደብቅ፣ ልጃቸው ደግሞ ከአባቱ ሲደብቅ፣ ያ ሁሉ ዝምታ ዞሮ ዞሮ የአንዲት የማያውቋት ሴት እጅ ላይ ወደቀ።

በአምላክ በላዳ መጣ። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፤ ላቡ ፊቱን አጥቦታል። መጀመሪያ መኪናዋን አየ፣ ከዚያ አባቱን፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ የተበተነውን ፍልጥ። እናቱን ወደ ጎን ወስዶ ትራፊኩ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። አልመጣም ስትለው ትንፋሹን ለቀቀና ፈጠን ፈጠን ብሎ ተናገረ፦ የነዳሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ የታደሰ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው፤ አደጋ ለማንም ያጋጥማል፤ ኢንሹራንሱም ይከፍላል፤ አባዬ እንደማያይ ከታወቀ ግን ይታሰራል፣ ኢንሹራንሱም አይከፍልም፣ ሴትዮዋም ምንም አታገኝም። ሁሉም እውነት ነበር፤ ከመጀመሪያው በቀር። ወደ አስያ ሄዶ እንደዚሁ አላት። አስያ ፍልጡን ከእጇ ሳትጥል ሰማችው። «ለእኛ ማንም ይንዳው» አለች በመጨረሻ። «እጇ ይዳንላት። በእጇ ነው የምትበላው፣ የሚያበላት ልጅ የላትም።»

ሰርክአዲስ ልጇን አየችው። ጠዋት ንዳለት ስትለው ያልነዳውን መኪና አሁን ነዳሁ ሊል ነው። ሆኖም ዓይኑን ከአባቱ ላይ አላነሣም፤ ለራሱ ብሎ ብቻ እንዳልመጣ ታያለች። ኢቲቻ ከድንጋዩ ላይ ሁሉንም ሰምቷል።

ትራፊክ ፖሊሱ በሞተር ሳይክል ደረሰ፤ በዕድሜ ከበአምላክ ብዙ የማይበልጥ ሳጅን ነው። አይሱዙውን ዞረ፣ የጎማውን የመንሸራተት ዱካ በእርምጃ ለካ፣ ከጎን የወጣውን ግንድ በእጁ ነካ። ከዚያ «አሽከርካሪው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ በአምላክ።

ሳጅኑ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ አየው። አስያ ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች። ሰርክአዲስ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ሴትዮዋን ስታያት ምን ያህል ርቀት ላይ ነበረች?»

«እእ... ቅርብ። በጣም ቅርብ። ድንገት ነው የገባችብኝ። ቆማ ነበር ማለት ነው፣ ከዚያ ድንገት...»

«ልጄ፣ ተው» አለ ኢቲቻ።

ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ወደ ሳጅኑ ሲሄድ ሳጅኑ በግራው ነበርና መጀመሪያ አልፎት ሄደ፤ ከዚያ መላ ሰውነቱን አዙሮ አገኘው። «እሱ አልነበረም። እሱ አሁን ነው የመጣው። የነዳሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አልገባችብኝም፤ ቆማ ነበር። እኔ በግራ በኩል አላይም።»

«አባዬ!»

«አላይም፣ ልጄ። ከገና ጀምሮ አላይም። ሐኪም ነግሮኛል፤ አውቄ ነው የነዳሁት።» መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። ሳጅኑ ወዲያው አልተቀበለውም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ አባት ተመለከተ።

ሰርክአዲስ ሳታስበው ወደ ፊት ራመደች። «እኔም አውቅ ነበር» አለች። «ይህንንም ጻፈው። አጠገቡ ነበርኩ፤ ሴትዮዋን አይቻት ነበር።»

«እሱን ሕጉ አይጠይቅዎትም፣ እናቴ» አለ ሳጅኑ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ቢሆንም።»

አልጻፈውም። የበአምላክን መንጃ ፈቃድ ግን ሲመልስለት ለረጅም ጊዜ በዓይኑ ይዞት ቆየና፣ «አንተን ለውሸቱ አሁን ልከስህ እችል ነበር፤ ይልቅ ዋስ ሆነህ ና» አለው።

ወይዘሮ ሱልጣና የላኩት መኪና ሲመጣ ጫኝ አልነበረውም። እንጨቱን ያዛወሩት አስያ፣ ሰርክአዲስና በአምላክ ናቸው። በአምላክ የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ አስፋልቱን ይሻገር ነበር፤ የባህር ዛፉ ልጥ ነጩን ጨርቅ አጠቆረው። የሚያልፉ መኪኖች ዝግ እያሉ ያዩታል። አንድም ጊዜ ቀና አላለም። ኢቲቻ ሊያግዝ ሲነሣ «ተቀመጥ አባዬ» አለው፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ሲጨርሱ ባዶዋን ፒክአፕ እሱ እየነዳ፣ አባቱ በቀኙ ተቀምጦ፣ በሳጅኑ ሞተር ሳይክል ተመርተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወረዱ። ሰርክአዲስ ከአስያ ጋር በታክሲ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

ሐመልማል በአንድ ጠባብ ክፍል መስኮቱ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። እጇ በጄሶ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ ታስሯል። ለአጥንቱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነገ ትሂድ ብለዋል። ሰርክአዲስ የገዛችውን ጁስና ሙዝ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች። ሐመልማል አላየችውም። ሰርክአዲስ ቆመች፤ ተቀመጪ ስላልተባለች አልተቀመጠችም።

«እኔም እንጦጦ ተሸካሚ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ፤ ወዲያው ባላልኩት አለች።

«ታዲያ ይብሳላ» አለች ሐመልማል።

ከሰዓቱ እየገፋ ሄደ። በኮሪደሩ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ የፅዳቷ ሠራተኛ ወለሉን ትወለውላለች፣ አስያ በሩ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ያዳፋታል። ሰርክአዲስ እግሯ ሲዝል እንኳን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ስትዞር የበአምላክ ድምፅ በኮሪደሩ ተሰማ፤ በእሱ ዋስትና አባቱን ለቀውታል፣ ኢቲቻ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ልጁ በሩ ላይ ቀረ። ኢቲቻ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ብቻውን ገባ።

ሰርክአዲስ አልጋው በየት በኩል እንዳለ ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ኢቲቻ ሁለት እርምጃ ገባ። በቀኙ ባዶ ግድግዳና ባዶ ወንበር ነበሩ፤ ወንበሩ ላይ ሰው የተጠቀለለበት የሚመስል ብርድ ልብስ ተጥሏል። ወደዚያ ጎንበስ አለ። «እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ» አለ ለብርድ ልብሱ።

ሐመልማል ከትራሷ ቀና ብላ ሰውዬውን አየችው፤ ከዚያ ወንበሩን፣ ከዚያ መልሳ ሰውዬውን። ፊቷ ላይ ቀኑን ሙሉ የነበረው ነገር አልጠፋም፤ ግን ሌላ ነገር ጨመረበት። በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ቀስ ብላ መታ መታ አደረገች።

«እዚህ ነኝ» አለችው። «በዚህ በኩል።»

ኢቲቻ ድምፁን ተከትሎ ዞረ። ራሱን ብቻ ሳይሆን ትከሻውን፣ ወገቡን፣ እግሩን ሁሉ አዞረ፤ እስኪያገኛት ድረስ ዞረ። ሲያገኛት ለረጅም ጊዜ አያት፤ ሻሿን፣ ጄሶውን፣ የተላላጠ ጉንጯን። ባርኔጣው በእጁ ውስጥ ተጨማደደ።

«አላየሁሽም» አላት።

ሐመልማል እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቀች።

«ተቀመጥ» አለችው።